ፍርድ ቤት በር ላይ የቀረው ግማሽ ፎቶ

ጡረታ የወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቱ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ጋቢ ሸለመኝ። ለድሬዳዋ ሰው ጋቢ የሚሸልም ወይ ከተማዋን አያውቃትም፣ ወይ ተሸላሚውን አይወደውም። ሰዓቱንም ቢሆን ከእንግዲህ የት ልቀድምበት እንደሆነ እንጃ። የሥነ ሥርዓቱን ፎቶ በስልኩ ያነሳው ባልደረባዬ መቶ ጊዜ ያህል ተኩሶ ለእኔ የላከልኝ ዓይኔን የጨፈንኩበትን ነው። ዐርባ ዓመት ሙሉ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ለማንሳት ስለፋ ኖሬ መሰነባበቻዬ እንዲህ ሆነ። ቅር አላለኝም፤ ጋቢውን ለዘመድ ወደ ደጋ ላክሁት፣ ሰዓቱ ግድግዳ ላይ አለ።

ሥራዬ ፎቶግራፍ ማንሳት ነበር። መጀመሪያ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ስቱዲዮ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ፣ በመጨረሻም በአንድ የመንግሥት ቢሮ። ስለ ሦስተኛው ብዙ የምለው የለኝም። የመሠረት ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ፎቶ ነው። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ የድሮ ድሬዳዋን ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች አንድ ያረጀ የጋዜጣ ገጽ ፌስቡክ ላይ አወጡ። ገጹ ላይ ፈትያ የምትባል ድምፃዊት ፍርድ ቤት በር ላይ ቆማለች፣ ከስሩም ታስራ እንደቀረበች ተጽፏል። ፈትያ በሕይወቷ አንድም ቀን ታስራ አታውቅም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ግን ከጋሽ ዩሱፍ መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ዩሱፍ ስቱዲዮ የገባሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የትም እንደማያደርሰኝ ሲታወቅ ነው። ስቱዲዮው ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎቹ መንገዱን ከሁለት በኩል በሚሸፍኑበት ቦታ ነበር። ሰውዬው ሐረሪ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። «አንተ» እያልኩ ማውራቴን የሌላ አገር ሰው እንዳይታዘበኝ። እኛ ከተማ አንቱታ ከማክበር ይልቅ ማራቅ ይመስለናል። በገባሁ ሰሞን አንድ ጊዜ «እርስዎ» ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩትም።

የድሬ ሙቀትና የድሬ ውሃ የፊልም ጠላቶች ናቸው። ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት ሃያ ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ እኛ ጋ ግን ጥላ ስር የዋለ ውሃ እንኳን ከዚያ በላይ ነው። መድኃኒቱ ከሞቀ የፊልሙ ቆዳ እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ሙሽራም ሚዜም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የምናጥበው ጎህ ሲቀድ፣ ከተማዋ ሳትግል ነበር። በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ሳፋ ውስጥ ከትተን፣ የመድኃኒቱን ዕቃ እላዩ ላይ አስቀምጠን፣ ቴርሞሜትሩ እስኪወርድ ዝም ብለን እንጠብቃለን። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃ ፊልም ላይ ሲደርቅ ሰው ፊት ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ጋሽ ዩሱፍ የመጨረሻውን እጥበት ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነበር የሚያደርገው። ይህን የሰማች አንዲት ሙሽራ «የእኔን ፊት በባትሪ ውሃ?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ፎቶዋን ስታይ ግን ተረጋጋች።

ሁለት የማይለቃቸው ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ ከእያንዳንዱ ነጋቲቭ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ፎቶ ማተም ነው። ማጉያው መሣሪያ ላይ ነጋቲቩን የሚይዘውን ቆርቆሮ ራሱ በሞረድ አስፍቶት ነበርና የፊልሙ ዳር ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፎቶው ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር ይኖረዋል። መስመሩ ከአራቱም በኩል ከታየ ምንም ነገር አልተቆረጠም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለደንበኛው እንደፈለገ ይቆረጥለታል፤ ሙሉው ግን ካርቶን ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ልማዱ ከሙሉው ፎቶ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ መጻፍ ነበር። የሚጽፈውን ከራሱ አያመጣም። ባለ ፎቶውን ወይም ባለ ፎቶዋን «እዚህ ላይ ምን እያደረግህ ነው? ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅና የሚሉትን እንዳለ ያሰፍራል። «ለፓስፖርት እየተነሳሁ» የሚለውም ሳይቀር ይጻፋል። አንድ ወታደር ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ስቆ ተነስቶ ሲጠየቅ፣ «እናቴ እንዳትሰጋ እየሳቅሁ ነው» አለ። እንደዚያው ተጻፈ። እኔ በሆዴ ጊዜ ማባከን ነው እል ነበር።

«አንተ ያየኸው ብርሃኑን ነው፣» ይለኝ ነበር ጋሽ ዩሱፍ። «የሆነውን የሚያውቀው የተነሳው ሰው ነው።»

የከተማው ዘፋኝ ሁሉ ለካሴት ሽፋን እኛ ጋ ይመጣ ነበር። አነሳሳቸው አንድ ነው፤ ያልተገናኘ ስልክ ጆሮ ላይ፣ ወይም እጅ አገጭ ስር፣ ከኋላ ቀለም ቀቢ የሠራው ፏፏቴ። ፈትያን መጀመሪያ ያወቅኋት ያኔ ነው። ስልኩን ስሰጣት ከስር ከላይ አየችውና፣ «ገመዱ የት አለ? ማን ጋ ደውዬ ነው እንዲህ የምሽኮረመመው?» ብላ መለሰችልኝ። የመጋላ ሰፈር ልጅ ነች። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ አልፋ በሶማሊኛ የምትጨርሰው ዘፈን ነበራት፤ ሰርግ ላይ የሁሉም ቤት ዘመድ የቋንቋው ተራ ሲደርስ ለጭፈራ ይነሳል። ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ ቢጫ ጋርባሳር ነበር፤ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ያ ሰፊ ስስ ሻሽ። ስትዘፍን ጫፉን በእጇ ትይዘዋለች። አኮርዲዮን የሚጫወትላት ጌታሁን የሚባል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበር። እሷ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፣ ሲጨቃጨቁ ግን የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስሉት። ፎቶ ሲነሱ እንኳን ማን በቀኝ ይቁም በሚል ሩብ ሰዓት አስቁመውኛል።

ጋዜጣው ቤት የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ደሞዙ ይሻል ነበር፣ ወረቀቱም ይበዛ ነበር። አለቃዬን ለአራት ዓመት በስልክ ድምፁ ብቻ ነው የማውቀው። ፎቶውን እዚያው ጋሽ ዩሱፍ ጨለማ ክፍል አትሜ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ባቡር እልካለሁ፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ይደውላል። «ተሾመ፣ ሜዳ አትላክልኝ። ያለኝ አንድ ዓምድ ነው፤ ሰው ላክልኝ» ይላል። ሁለት ጊዜ ፎቶዬ ሰፋ ተብሎ ሳይወጣ ቀርቷል። ዕድሜዬ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርና እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት።

የታወቀ ሰው ፍርድ ቤት ሲቆም ጋዜጣ እንደሚሸጥ ያስተማረኝ አንድ ቀልደኛ ነው። የሰፈሩን አንድ ባለ ሱቅ ድምፅና አካሄድ መድረክ ላይ ያስመስል ነበርና ሰውዬው በስም ማጥፋት ከሰሰው። ዳኛው «እስቲ ያልከውን እዚህ በለው» ቢሉት ቀልደኛው ተነስቶ አስመሰለ፤ መጀመሪያ የሳቀው ከሳሹ ራሱ ነው። ተቃቅፈው ሲወጡ አነሳኋቸው፣ ፎቶው በሦስት ዓምድ ወጣ፣ አለቃዬም ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍርድ ቤቱ በር የእኔ መሰለኝ። ጋሽ ዩሱፍ ይህን ሲሰማ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው ሲወጣ አንሳ፤ ሲገባ አታንሳ። ሲገባ እሱም ገና ምን እንደሆነ አያውቅም።» ምርቃት ያህል አዳምጬ ረሳሁት።

የፈትያና የጌታሁን ነገር የመጣው ያን ሰሞን ነው። በሚሠሩበት ሆቴል አንድ እንግዳ ሞቅ ብሎት መድረክ ላይ ወጥቶ ጋርባሳሯን ጎተተ። ጌታሁን አኮርዲዮኑን እንዳንጠለጠለ ገፈተረው፤ ሰውዬው ከመድረክ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሰውዬው ባለ ዘመድ ነበርና ጌታሁን ታሰረ። የቀጠሮው ቀን ዓርብ ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ጌታሁንን አንድ ፖሊስ ይዞት መጣ። ሁለቱም እጆቹ ፊት ለፊት በካቴና ታስረዋል፣ አንገቱን ደፍቷል። ፈትያ በምስክርነት ተጠርታ ቀድማ ደርሳ ነበር። ስታየው ቀጥ ብላ ሄደች፣ ጋርባሳሩን ከትከሻዋ አውርዳ እጆቹ ላይ ጣለችበት፣ ከዚያ የራሷንም እጆች ከስሩ አስገብታ እጁን ያዘች። ፖሊሱ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሦስቱም ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ተኮስኩ። የፈትያ ፊት ሙሉ ብርሃን ላይ ነበር፣ ዓይኗ ቀጥታ ወደ እኔ። ጥሩ ፎቶ ሰውነትህ ያውቀዋል፤ እኔም አወቅሁ።

ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ወደ ጋሽ ዩሱፍ ጨለማ ክፍል ሮጥኩ፤ እሱ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄዷል። በዚያ ሙቀት፣ በተረፈ በረዶ ፊልሙን አጠብኩ። እግዜር ይስጠው አልወረደም። ማጉያው ስር ሳስገባው ፎቶው ሰፊ ሆነብኝ። በግራ ጌታሁን አለ፣ አንገቱን ስለደፋ ፊቱ ጥላ ነው፣ አዲስ አበባም የሚያውቀው የለም። የአለቃዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አንድ ዓምድ። መሣሪያውን ከፍ አድርጌ ምስሉን አጎላሁና ጌታሁንን ከወረቀቱ አወጣሁት። የቀረችው ፈትያ ናት። ከኋላዋ የፖሊስ ትከሻና ቆብ። ከፊቷ በሻሽ የተሸፈኑ እጆቿ።

ሙሉውን አላተምኩም። ጊዜ የለም አልኩ። ጀርባው ላይ «ፈትያ፣ ድምፃዊት። ድሬዳዋ፣ ፍርድ ቤት በር» ብቻ ጻፍኩ። እሷን አልጠየቅኋትም። ዛሬም ድረስ ለራሴ ጊዜ ስላጠረኝ ነው ልለው እሞክራለሁ፤ እውነቱ ግን ብጠይቃት እንዳላወጣው እንደምትለምነኝ ስለማውቅ ነው።

ጋዜጣው ከቀናት በኋላ ድሬ ደረሰ። አዘጋጁ የፖሊሱን ቆብና የተሸፈኑትን እጆች አይቶ፣ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን የሚጽፈውን ጽፏል። በቁጥጥር ስር ውላ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ይላል። ካቴናዋን በሻሽ የሸፈነች ሴት ነው የምትመስለው። እኔ ራሴ ባላውቅ አምን ነበር።

ጋሽ ዩሱፍ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው።

«ሙሉው የታለ?»

«አላተምኩም።»

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጋቲቩን ተቀብሎኝ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ራሱ አተመው፣ በጥቁሩ መስመር ተከቦ። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ጌታሁን፣ እጁን የያዘችው ፈትያ፣ ጋርባሳሩ ከወዲያ በኩል ሸሸት በማለቱ የተገለጠው የአንደኛው እጁ ካቴና። ሲደርቅ ገለበጠውና እርሳሱን ሰጠኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው። ሄደህ ጠይቃት» አለኝ።

መጋላ ቤታቸው ስደርስ ፈትያ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሁለት ባለ ሰርጎች መዝፈንሽ ይቅር ብለው ሰው ልከውባት ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። እንድቀመጥ በርጩማ ሰጠችኝ። ፎቶውን አወጣሁና አለቃዬ ሙሉውን ሊያወጣው እንደተስማማ፣ እውነቱ እንደሚታይ፣ ስሟ እንደሚጠራ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ፎቶውን ተቀብላ አየችው። ጣቷን ካቴናው ላይ አደረገች።

«ይሄ ይታያል?»

«ይታያል። ለዚህ ነው እኮ የሚጠቅምሽ።»

«ያኒ፣ እኔን ለማውጣት እሱን ልታስገባው ነው ማለት ነው።»

«እሱ እኮ የታሰረው እውነት ነው፣ ፈትያ።»

«አውቃለሁ እውነት መሆኑን። እናቱ ግን አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው፣ ሐኪሙ አትደናገጥ ብሏል። ጅቡቲ ለሥራ ሄዷል ብያታለሁ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። የሰፈሩ ሰው ጋዜጣውን ይዞላት ይሄዳል፤ ታውቃቸው የለ?»

«አንቺስ? የአንቺስ እናት?»

«የእኔ እናት ቤት እንዳለሁ ታየኝ የለም እንዴ፣» አለችና ፎቶውን መለሰችልኝ። «ወላሂ ካወጣኸው አላናግርህም። ደብቀው።»

እርሳሱን ይዤ ጀርባው ላይ ምን ልጻፍ አልኳት። «ምንም» አለች። ጋዜጣው ሦስት መስመር እርማት በውስጥ ገጽ፣ ያለ ፎቶ አወጣ። አንድም ሰው አይቶት አያውቅም። ፎቶውን ግን ያላየው አልነበረም።

ጌታሁን በእሷ ምስክርነት በነፃ ተለቀቀ። ወዲያው ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ በባቡር ሄደ፤ ስለዚህ ለእናቱ የተነገራት ውሸት ዘግይቶም ቢሆን እውነት ሆነ። ጋዜጣውን አላየውም፣ ማንም አልነገረውም። ፈትያን ለሰርግ የሚጠራት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ታስራ የወጣች ዘፋኝ ልጃቸው ሰርግ ላይ እንድትዘፍን የሚፈልግ ቤት አልነበረም፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ይህን አላላትም። አግብታ ወለደች፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም መሸጥ ጀመረች። ድምፅዋን ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ዋጋ ስትናገር ነው። ይህ ነው ያደረግሁት። ብዙ ሰው በሥራው ይሳሳታል፤ የእኔ ስሕተት በየሳምንቱ ገበያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቀፊራ ስገባ በሌላ በር እዞር ነበር። ግን ካየችኝ አትለቀኝም። በርበሬ እየሰፈረች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አቦ ተሾ፣ ዛሬስ ማንን ቆረጥክ?» ትለኛለች። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቤቴ ስገባ ምሳ አልበላም።

ልቧ ደካማ የተባለችው የጌታሁን እናት ሐኪሟን ቀብራ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ስታርፍ ሄጄ ፈትያን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጊዜው ሄዷል፣ ሰው ረስቷል፣ ቁስል መነካካት ነው አልኩ። ዝምታው ተመችቶኝ ነበር ብል ይቀላል። ጋሽ ዩሱፍ ታሞ ልጠይቀው ስሄድ፣ ስቱዲዮው ተሸጦ የስልክ መሸጫ ሆኖ፣ ካርቶኖቹን ሁሉ እኔ ቤት ልኮልኝ ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ፣ «የዚያች ልጅ ፎቶ ጀርባው ተጻፈ?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«እርሳሱ አለህ?»

«አለኝ።»

«ሀዬ፣ እሺ» አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አላወራንም።

እንግዲህ ገጹ ፌስቡክ ላይ የወጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ስር የተጻፈው አስተያየት ብዙ ነበር፤ የሚስቅ አለ፣ የሚያዝን አለ፣ በምን ታስራ እንደነበር ከራሱ ፈጥሮ የሚናገርም አለ። ፈትያ በዚያው ሳምንት ደወለችልኝ። በስልክ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ተሾ፣ ያ ፎቶ አለህ?»

«አለኝ።»

«የልጄ ልጅ ትምህርት ቤት አሳይተዋት መጣች። አያቴ፣ ታስረሽ ነበር ወይ አለችኝ። አልታሰርኩም አልኳት። ስልኩን አወጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። አላመነችኝም፣ ተሾ። አላመንኩሽም አላለችኝም፣ ግን አላመነችኝም።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። አሁኑኑ ላውጣው አልኳት። «ጌታሁንን ጠይቀው» አለችኝ። «ተመልሶ መጥቷል አሉ። እሺ ካለ አውጣው፤ ካላለ እዚያው ይቅር።»

ጌታሁን ከጅቡቲ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹ እዚያው ቀርተው ከዚራ የአባቱ ቤት ብቻውን ይኖራል። በረንዳው ላይ አገኘሁት፣ አኮርዲዮኑ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ሙሉውን ፎቶ ከፖስታ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ከዚያ የጋዜጣውን ቅጂ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማጉያውን ከፍ ማድረጌን፣ እሱን ከፎቶው ማውጣቴን፣ አለመጠየቄን፣ መጋላ ግቢ ውስጥ የተባባልነውን። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«እኔ እኮ ባሌ አይፈልግም ብላ ነው ዘፈን የተወችው መስሎኝ፣» አለ። «ጅቡቲ ሆኜ ነይ፣ ሥራ አለ እያልኩ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። አግብቻለሁ፣ በቃኝ ብላ መለሰችልኝ። ተቀይሜያት ነው የኖርኩት።»

«ሙሉው አይውጣ ያለችው እናትህ እንዳትደነግጥ ብላ ነው።»

«እናቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው? አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ» አልኩት።

ገባና ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ። «ተነስ» አለኝ። ባጃጅ ይዘን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ደረስን።

ፈትያ ያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ሁለቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል አልተያዩም። ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስንቀመጥ ጌታሁን ፎቶውን ምንጣፉ ላይ አኖረ።

«ይውጣ፣» አለ። «ካቴናውም ይታይ። ስሜም ይጻፍ።»

«የአንተስ ልጆች?» አለችው።

«የእኔ ልጆች እጄን ማን እንደያዘኝ ይወቁ።»

ፈትያ ጋርባሳሯን ወደ ፊቷ ሳበች፤ አሁን የምትለብሰው አረንጓዴ ነው። አጠገቧ የልጅ ልጇ ተቀምጣለች፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፎቶው ላይ አቀርቅራ ካቴናውን በዓይኗ ትፈልጋለች። ፎቶውን ገለበጥኩት። ወረቀቱ በዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው። እርሳሱን ከኪሴ አወጣሁ፤ ብዙ ጊዜ ተቀርጾ አጥሯል፣ ግን ያው እርሳስ ነው።

«ፈትያ፣» አልኳት፣ «እዚህ ላይ ምን እያደረግሽ ነው?»

ጌታሁንን አየችው፣ ልጅቷን አየች።

«የጓደኛዬን እጅ ይዤ ነው በል» አለች።

እንደዚያው ጻፍኩ። ከስሩ የሁለቱንም ስም፣ ከስሙ ስር ደግሞ ፎቶውን ያነሳሁትም የቆረጥኩትም እኔ መሆኔን ጨመርኩ። ፈትያ ጽሑፉን አየችና ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ መጀመሪያ በልቧ፣ ቀጥላ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ አያቷን ቀና ብላ አየቻት፣ ጠጋ አለችና እጇን ያዘቻት። ቆየት ብላ ስልኳን አወጣች፣ ፎቶውን ምንጣፉ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፣ የፊቱንም የጀርባውንም ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ዳሩን እንዳትቆርጪው» አልኳት።